ክሱ ላይ የተጻፈው 32 ነው፣ 36 ነው ወይስ 37? የወንጀል ተካፋይነትንና የመከላከያ ምክንያትን ደረጃ በደረጃ መለየት

በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአስኮ ጫፍና በጀሞ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች ሌሊት «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። አንድ ሰው ይያዛል፣ ይደበደባል። ሲነጋ ከመታው፣ ዱላ ካቀበለውና ቆሞ ካየው ስድስት ሰባት ሰው ጣቢያ ይገባል። ቤተሰብ ያኔ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጃችን መታ ወይስ አልመታም?» ሕጉ ግን ያልመታን ሰው ስላልመታ ብቻ አይለቀውም፤ የመታንም ሰው ስለ መታ ብቻ ጥፋተኛ አይለውም። እያንዳንዱ ሰው ምን አስቦ እንደነበር፣ ምን ያውቅ እንደነበርና ያንን ካወቀ በኋላ ምን እንዳደረገ ለየብቻው ይመረመራል።

ከዚህ በታች ያለው ለተከሰሰ ሰውና ጉዳዩን ለሚከታተልለት ዘመድ የተጻፈ ነው። የአንቀጽ ቁጥሮቹ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ቁጥሮች ናቸው፤ በርዕሱ ላይ ካሉት 32 ዋና ወንጀል አድራጊን፣ 36 አነሳሽን፣ 37 አባሪን፣ ማለትም ረዳትን፣ ይመለከታል። ጠበቃን አይተካም፤ ጠበቃው ፊት ሲቀመጡ ግን ግማሹን ሥራ ጨርሰው እንዲቀርቡ ያደርጋል።

ደረጃ 1፦ ድርጊቱ የት እንደተፈጸመ መለየት

ከካራ አልፎ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ አልፎ ገላን፣ ከአስኮ አልፎ ቡራዩ ሲኬድ አንድ አስፋልት ተሻግሮ አስተዳደሩ ይለወጣል። የወንጀል ሕጉ በሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና ፍርድ ቤቱ ግን ይለያያሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በወንጀል ሕጉ የሚቀርብ ክስ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይታያል። በሸገር ከተማ ክልል ውስጥ የተፈጸመ ከሆነ ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። ወሳኙ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ ነው እንጂ ተጠርጣሪው የሚኖርበት ወይም መታወቂያ ያወጣበት ቦታ አይደለም። ሌሊት የታሰረ ሰው ሲጠፋ ብዙ ቤተሰብ የራሱን ወረዳ ጣቢያ ሲያንኳኳ ይውላል፤ ሰውዬው ከድልድዩ ማዶ ነው። ችሎቱ በማያውቁት ቋንቋ ከሆነ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ተጽፏል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠይቁ፤ «እየገባኝ ነው» ብለው ካለፉ በኋላ መመለሱ ይከብዳል።

የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ ከሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ውጪ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ ይህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። የተያዘበትን ደቂቃ ጽፈው ይያዙ።

ደረጃ 2፦ ቃል ከመስጠት በፊት

ያለመናገር መብት አለ፤ በግዳጅ የተገኘ የእምነት ቃልም ማስረጃ አይሆንም። ቃል ለመስጠት ከተወሰነ ግን አንዲት ቅጥያ የምታመጣውን ነገር ያስተውሉ። «ያዝኩት» ያለ ሰው እንዳያመልጥ ይዤዋለሁ ማለቱ ነው። መርማሪው «ያዝኩላቸው» ብሎ ከጻፈው ለሚደበድቡት ሰዎች ይዤላቸዋለሁ እንዳለ ተደርጎ ይነበባል፣ ዋና ወንጀል አድራጊም ያደርገዋል። የተሰረቀ ዕቃ የጫነ ሾፌርም እንዲሁ ነው፤ «ዕቃው የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም» እና «ጠርጥሬ ነበር» ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። ቃሉ ተጽፎ ሲያልቅ በድምፅ እንዲነበብ ይጠይቁ፤ ያልተነበበ ወይም ያልተስተካከለ ገጽ ላይ አይፈርሙ። በየገጹ ይፈርሙ እንጂ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ አይሁን።

ደረጃ 3፦ የሰዓት ሰንጠረዥ መሥራት

አንድ የደብተር ሉክ ይውሰዱና አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ሰዓት፣ የት ነበርኩ፣ ምን አውቅ ነበር፣ ምን አደረግኩ። ሦስተኛው ዓምድ የጉዳዩ ልብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረውም እሱ ነው። ወረቀቱ ለጠበቃው ነው፤ በታሳሪው ኪስ ውስጥ አይቀመጥ።

ሰዓት ሲሞሉ ሁለት ጥፋት ይፈጠራል። ብዙዎቻችን የስልካችንን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር እናስቀምጣለን። የጥሪ ዝርዝሩ 02:10 ሲል ምስክሩ የሚለው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10» ነው። ሁለቱ ሳይቀየሩ ወረቀት ላይ ከወረዱ «ከሌሊቱ 2 ሰዓት» የሚል ይፈጠራል፤ ያ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተደርጎ ይነበብና ስድስት ሰዓት ይጠፋል። ሁለተኛው ቀኑ ነው። ስልኩ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ረቡዕ ሲዞር እኛ ገና ማክሰኞ ሌሊት ላይ ነን። ስለዚህ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ብለው ይጻፉ፤ የፖሊስ መዝገብም የሚጠቀምበት አነጋገር ነው፣ ጥርጣሬ አያስገባም።

በዚያው ቀን የሚሰበሰቡ ነገሮች አሉ። የሱቅና የግቢ ካሜራዎች አሮጌውን ቅጂ በራሳቸው ጊዜ እየደመሰሱ አዲስ ይቀርጻሉ፤ ባለሱቁን ዛሬ ካልለመኑት ከሳምንት በኋላ የሚያሳይዎ ነገር ላይኖረው ይችላል። የቴሌብር ክፍያ መልእክት አይጥፋ። የጥሪ ዝርዝር ከፈለጉ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ጠበቃው ያመልክት። የተጎዳው እርስዎ ከሆኑ ቁስሉ ሳይሽር የሐኪም ማስረጃ ያውጡ። ራሴን ተከላከልኩ ያለ ሰው በራሱ ላይ የደረሰውን የሚያሳይ ወረቀት ሲያጣ ክርክሩ ግማሽ ይጎድላል።

ደረጃ 4፦ ክሱን ማንበብ፣ የተካፋይነቱን አንቀጽ መፈለግ

የክስ ቻርጁ ሁለት ቁጥሮችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው ወንጀሉን ይናገራል፤ ለምሳሌ 540 ተራ የሰው ግድያ፣ 665 ስርቆት ነው። ሌላው የተከሳሹን ድርሻ ይናገራል፤ 32፣ 36 ወይም 37 ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

አንድ ግቢ እንውሰድ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንድ ሰው በብሎኬት አጥር ዘሎ ገባ፤ በእጁ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ፌሮ አለ። ባለቤቱ በዱላ ክንዱን መታው፣ ፌሮው ወደቀ፣ ሰውዬው ተያዘና በገመድ ታሰረ። እስከዚህ ድረስ አንድ ምዕራፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ዱላ ቀጠለ፤ ሰውዬው ሞተ። ይህ ሌላ ምዕራፍ ነው። በዚህኛው ምዕራፍ ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመቱት በአንቀጽ 32 ንዑስ አንቀጽ 1 ፊደል «ሀ» ሥር ዋና ወንጀል አድራጊ ናቸው። ድርጊቱን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መንገድ፣ ለምሳሌ በእንስሳ ወይም በተፈጥሮ ኃይል ተጠቅሞ የፈጸመም እዚሁ ይወድቃል፤ ውሻ ፈትቶ የለቀቀ ሰው «እኔ አልነካሁትም» ማለት አይችልም።

እጁን ጠፍሮ የያዘው አንድም ምት አልሰነዘረም። ፊደል «ለ» ግን የሚናገረው ስለ እሱ ዓይነቱ ነው፦ ድርጊቱን በራሱ እጅ ባይፈጽምም በሐሳቡ በወንጀሉ አፈጻጸምና በውጤቱ ሙሉ በሙሉ ተካፋይ የሆነ። ቁልፉ ሐሳቡ ነው። ፖሊስ እስኪመጣ እንዳያመልጥ የያዘ ሰውና እንዲመቱት የያዘ ሰው ቪዲዮ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱን የሚያሳየው ሰውዬው ፖሊስ ጋ ደውሎ እንደሆነ፣ «ተዉት» ብሎ እንደሆነ፣ ዱላው ሲጀመር ለቆ ሄዶ እንደሆነ ነው። እነዚህን የሚናገር ምስክር ይፈልጉ።

ከአጥሩ ላይ ሆኖ «በለው! ጨርሰው!» ያለው አንቀጽ 36ን ያስነሳል፤ ማነሳሳት ነው። ሌላውን ሰው አስቦ በማግባባት፣ በተስፋ፣ በገንዘብ፣ በስጦታ፣ በማስፈራራት ወይም በሌላ መንገድ ወንጀል እንዲፈጽም የገፋፋ ማለት ነው። ለመቅጣት ወንጀሉ ቢያንስ መሞከር አለበት፤ ቅጣቱም በመርህ ደረጃ ለወንጀሉ የተወሰነው ነው። እዚህ ላይ የሚቀርበው እውነተኛ ክርክር የምክንያትና የውጤት ነው። ደብዳቢው ቀድሞ ወስኖ እየደበደበ ከነበረ ጩኸቱ ሐሳቡን አልፈጠረም። ያ ሰው ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ማበረታታቱ እንደ ዕርዳታ ሊቆጠር ይችላል። ልዩነቱ የሚጠቅመው በቅጣቱ ላይ ነው።

ዱላ ያቀበለው አባሪ ነው፣ አንቀጽ 37። አባሪ ማለት ወንጀሉ ከመፈጸሙ በፊት ወይም በሚፈጸምበት ጊዜ በመረጃ፣ በምክር፣ መሣሪያ በማቅረብ ወይም በማናቸውም ዕርዳታ ዋናውን አድራጊ እያወቀ የረዳ ነው። «እያወቀ» የምትለዋ ቃል ላይ ይቁሙ። ፊቱን ለማየት ባትሪ ያበራና ለመደብደቢያ ዱላ የሰጠ አንድ አይደሉም። ቅጣቱ የሚነሣው ከዋናው ወንጀል ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግን ሁኔታውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። ለዚህ ነው ከ32 ወደ 37 መውረድ ትልቅ ውጤት የሚሆነው።

በሞባይል የቀረጸው ቆሞ በማየቱና በመቅረጹ ብቻ ተካፋይ አይሆንም። ሆኖም ሁለት ነገር ይወቅ። ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም የፈጸመውን ሰው እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት አለማስታወቅ በአንቀጽ 443 ያስጠይቃል፤ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ አለመርዳትም በአንቀጽ 575። ቪዲዮውን ማጥፋት ደግሞ የባሰ ነገር ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንቀጽ 35 አለ፤ በመንደር ድብደባ መዝገብ ቤተሰብን ከሁሉ ይልቅ ሊያስጨንቅ የሚገባው እሱ ነው። ወንጀሉ በሰዎች ስብስብ ሲፈጸም የስብስቡ አባል መሆኑ የተረጋገጠበት ሰው በአፈጻጸሙ አለመካፈሉን ራሱ ካላስረዳ በቀር ይቀጣል። ሸክሙ ወደ ተከሳሹ ይዞራል። «አልመታሁም፣ ዐቃቤ ሕግ ያስረዳ» ብሎ መቀመጥ እዚህ ላይ አይሠራም፤ የት ቆሞ እንደነበር የሚናገር ሰው በስም መቅረብ አለበት።

የታሰበውና የሆነው ሲለያዩስ? «ትንሽ አስፈራሩልኝ» ያለ ሰው የላካቸው ልጆች በጩቤ ቢወጉ፣ አነሳሹም ሆነ አባሪው የሚጠየቀው ባሰበው ወይም አስቀድሞ ሊያየው በሚገባው መጠን ነው፤ መነሻው አንቀጽ 58 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። የተላኩት ጩቤ እንደሚይዙ ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ አንድ የስልክ መልእክት ይህን ክርክር ያፈርሰዋል።

ለአንዱ የሚጠቅም የግል ሁኔታ ለሌላው አይተላለፍም። የመታው የአእምሮ ሕመምተኛ ሆኖ ነፃ ቢወጣ የገፋፋው ነፃ አይወጣም። እንዲያውም ሕፃንን፣ የአእምሮ ሕመምተኛን ወይም ምን እየሆነ እንዳለ የማያውቅን ሰው መሣሪያ አድርጎ የተጠቀመ በ32 ፊደል «ሐ» ራሱ ዋና አድራጊ ይባላል። በአጥር ቀዳዳ የስምንት ዓመት ልጅ አሾልኮ ዕቃ ያስወጣ ጎልማሳ «ልጁ ነው ያወጣው» ቢል አይሰማም።

ደረጃ 5፦ ዕርዳታው ከወንጀሉ በፊት ነው፣ እየተፈጸመ ነው ወይስ በኋላ?

በግንባታ ሰፈሮች በየጊዜው የሚታየው የፌሮ ስርቆት ይህን ከሁሉ በተሻለ ያሳያል። ጥበቃው በሩን ይከፍታል፣ ሁለት ልጆች ይጭናሉ፣ የጭነት ባጃጅ ያመላልሳል፣ ቆራሌው ይገዛል። ክሱ አራቱንም «በመተባበር» ብሎ ያስራቸዋል።

ጥበቃው ቀድሞ ተስማምቶ ከከፈተ ድርሻው እንደ ሐሳቡ 32 ወይም 37 ነው። ተኝቶ ከነበረ ቸልተኛ ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ሊባረር ይችላል፣ በስርቆት ተካፋይነት ግን አይቀጣም፤ አባሪነት ማወቅን ይጠይቃልና። ባጃጁ ላይ የሚታዩት ዝርዝሮች ጥቃቅን ናቸው፦ የተጠራው በስንት ሰዓት ነው? ለዚያ መንገድ ከሚከፈለው ተነጻጽሮ ስንት ተከፈለው? መብራቱን አጥፍቶ ነበር? ከዚህ በፊት ለእነዚሁ ልጆች ጭኖ ያውቃል? መደበኛ ዋጋ፣ የተለመደ ደንበኛና ቀን ላይ የተደረገ ጭነት አለማወቅን ያሳያሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በአምስት እጥፍ ዋጋ የተጫነ ፌሮ ተቃራኒውን ይናገራል፤ ሾፌሩ ምንም ቢምል።

ቆራሌው የገባው ስርቆቱ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሞ «አምጡ እገዛለሁ» ብሎ ካልተስማማ አባሪ አይደለም፤ አባሪነት ከወንጀሉ በፊትና በወንጀሉ ጊዜ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የሚደረገው በአንቀጽ 40 በኩል ወደ ሌሎች አንቀጾች ይመራል፦ ወንጀለኛን መደበቅ ወደ 445፣ የተሰረቀን ዕቃ እያወቁ መግዛትና መሸሸግ ወደ 682። ዐቃቤ ሕግ ገዢውን በስርቆቱ ከከሰሰው የጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄ «የስምምነቱ ማስረጃ የት አለ?» መሆን አለበት።

ገብቶበት የነበረ ሰው ሐሳቡን ቢቀይርስ? አንቀጽ 28 ለዋናው አድራጊ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ፈቃዱ ወንጀሉ ወይም ውጤቱ እንዳይደርስ የሚችለውን ሁሉ ያደረገ አነሳሽና አባሪም ይጠቀምበታል። ስልክ አጥፍቶ መተኛት ግን «የሚችለውን ሁሉ» አይባልም። የሰጠውን ቁልፍ መልሶ የወሰደ፣ ባለቤቱን ያስጠነቀቀ፣ ለፖሊስ የደወለ መሆን አለበት።

ደረጃ 6፦ አንድ መከላከያ መምረጥ

መዝገብ የሚያበላሽ ትልቁ ጥፋት ሁለት የሚቃረኑ መልሶችን አብሮ ማቅረብ ነው። «እዚያ አልነበርኩም» የሚል ምስክርና «ራሱን ሲከላከል ነው የመታው» የሚል ምስክር በአንድ ቀን የቀረበለት ዳኛ ሁለቱንም ይጥላል። ቤተሰብ በአዛኝነት ጎረቤት ሁሉ እንዲመሰክር ይጠራል፤ ውጤቱ ይህ ነው። ሰንጠረዡን ተመልክተው አንዱን ይምረጡ።

ሕጋዊ መከላከል በአንቀጽ 78 ላይ ነው። አራት ነገር አብሮ መገኘት አለበት፤ አንዱ ከጎደለ አይቆምም። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት። እየደረሰ ያለ ወይም ወዲያው ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት። መከላከሉም ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው ነገር ዋጋ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ሌላውን ሰው መከላከልና ንብረትን መከላከል ይፈቀዳል። ይሁንና ስፖኪዮ ነቅሎ የሚሮጥን ልጅ ጭንቅላቱን በድንጋይ መፈንከት ሚዛኑን አያልፍም፤ ስፖኪዮና ነፍስ አይመዛዘኑም። በአጥር ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ የለቀቀ ሰው ደግሞ የሚመዝነው ነገር እንኳ የለውም፤ ሽቦው ሌባውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም፣ ይህ አሠራር መቅረት ያለበት ነው።

ወደ ግቢው እንመለስ። ፌሮ ይዞ የመጣን ሰው ክንዱን መምታት ከአራቱ ጋር ይገጥማል። ገመድ ከገባለት በኋላ ግን ጥቃት የለም፤ ስለዚህ መከላከል የለም። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል፤ መብቱ እዚያ ላይ ያልቃል። የሰዓት ሰንጠረዡ ላይ «ፌሮው የወደቀበት» እና «ገመዱ የገባበት» ደቂቃ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበት። ክሱ የትኛውን ምት እንደሚመለከት የሚለየው እሱ ነው።

ከመጠን ማለፍ መሸነፍ ብቻ አይደለም። አንቀጽ 79 መጠን ያለፈን ሰው ቅጣት ፍርድ ቤቱ እንዲቀንስ ያዛል፤ ማለፉ ጥቃቱ ካመጣው ይቅር ከሚባል ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መነሳሳት የመጣ ከሆነ ጨርሶ ላለመቅጣትም ይቻላል። በግድያ ደግሞ ልዩነቱ ዓይን የሚያፈጥ ነው፦ ተራ ግድያ በ540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ሲያስቀጣ፣ ከሕጋዊ መከላከል ወሰን በማለፍ የተፈጸመ ግድያ በ541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እሥራት ያስቀጣል። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ አይሳካም» ተብሎ ክርክሩ አይተው። በአማራጭ በግልጽ ይቅረብ።

መገደድ ሁለት ዓይነት ነው። በአንቀጽ 71 ሊቋቋሙት በማይቻል አካላዊ ኃይል የተገደደ አይቀጣም፤ ያስገደደው ይጠየቃል። ግዳጁ በዛቻ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንደ መሰለው ሊያቀል ወይም ሊተወው ይችላል። ሊቋቋሙት የሚቻል ከሆነ ግን (አንቀጽ 72) ተጠያቂነቱ ይቀራል፣ ቅጣቱ ብቻ ይቀልላል። ሽጉጥ ተደግኖበት የነዳው ባጃጅ ነጂ የሚፈተነው ሽጉጡ ከሄደ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። በማግስቱ ሪፖርት አድርጓል? ገንዘቡን ተቀብሏል? ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ ሲያዝ «ተገድጄ ነው» ያለን ሰው ማመን ይከብዳል። ፍርሃቱ ከቀጠለ፣ ለምን እንደቀጠለ በዝርዝር ይነገር፤ የዛቻ መልእክት፣ ቤቱ ድረስ የመጡ ሰዎች፣ የነገረው ዘመድ።

ከባድ አደጋን ለማራቅ የሌላውን መብት መንካት በአንቀጽ 75 ይታያል። የክረምት ጎርፍ የከበበውን ሕፃን ለማውጣት የጎረቤት አጥር ማፍረስ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ለማድረስ ያልፈቀደ ሰው መኪና መውሰድ ምሳሌዎቹ ናቸው። በሌላ መንገድ ማዳን ይቻል እንደነበረ ይጠየቃል።

«ሌባ መስሎኝ ነው» የሚለው የፍሬ ነገር ስህተት ነው፣ አንቀጽ 80። ዘመዱን በጨለማ ሌባ ብሎ የመታ ሰው በእውነት የመሰለውን ይዞ ይዳኛል። መብራት ማብራት፣ «ማነህ?» ማለት ይቻል ከነበረ ግን የቸልተኝነት ጥፋት ይቀርበታል። ሰው ተሳስቶ መምታት ከዚህ አይገባም፤ አንዱን ሊመታ አስቦ ሌላውን የመታ ሰው ስህተቱ አያድነውም። ሕግን አለማወቅም (አንቀጽ 81) መከላከያ አይደለም፤ በቅን ልቦና መብት አለኝ ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት የነበረው ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል።

ዕድሜ በከተማ ዳር ሰፈሮች ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ብዙ ነውና። ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው በልዩ እርምጃዎች ይታያል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፣ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል። የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ይፈልጉ። ጣቢያ ሲገባ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ተብሎ በግምት የተጻፈ ቁጥር እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ በመጀመሪያው ቀን ያስተካክሉት።

የአእምሮ ሕመም በአንቀጽ 48 እና 49 ይታያል፤ ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ያስቀርባል። ቤተሰብ አስቀድሞ የነበረውን የሕክምና ካርድና የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ይቅረብ። በጸበል ብቻ የቆየ ሕመምተኛ ከሆነ አብሮት የኖረ ሰው ባሕርዩን በቀንና በሁኔታ ይመስክር። ስካር ግን ጥላ አይሆንም። ወንጀል ለመሥራት ብሎ የጠጣ ሰው በአንቀጽ 50 እንደ ማንኛውም ሰው ይጠየቃል።

«አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። አንቀጽ 73 እና 74 የሚናገሩት ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ስላለው የመንግሥት አስተዳደር ወይም የወታደር የበላይ ነው። የግል ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ወይም የሕንጻ ተቋራጭ በዚያ ውስጥ አይገባም፤ አዞ ከሆነ ራሱ አነሳሽ ነው፣ ታዛዡም አይድንም።

ደረጃ 7፦ ምስክሮችን ማዘጋጀት

ሦስት የሚያዩ ምስክሮች አሥር ከሚሰሙ ይበልጣሉ። ለእያንዳንዱ ምስክር ምን እንደሚያስረዳ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ «የተከሳሹን መልካም ጠባይ» ብቻ የሚያስረዳው ለቅጣት ማቅለያ ይቆይ። ምስክሩ የቆመበትን ቦታ በእግርዎ ይሂዱበት። ከየት ሆኖ አየ? የመንገድ መብራት ነበር? ብሎኬቱ ከዓይኑ በላይ ነው? የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ላይም ይኸው ይሠራል። «አይቻለሁ» ያለ ሰው ሁለት ሜትር ከፍታ ካለው አጥር ጀርባ ከነበረ መስቀለኛ ጥያቄው እዚያ ላይ ነው። ምስክርን ምን እንደሚል ማስጠናት ግን ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ዳኛም ወዲያው ያውቀዋል፣ ሦስት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲደግም።

ሽማግሌ ሲላክ ይጠንቀቁ። ዕርቁ ራሱ ጥሩ ነው፤ በኦሮሞ ባህል ጉማ፣ በሌላውም በካሣና በይቅርታ ቂም ያበርዳል፣ በቅጣት ላይም ይረዳል። በአቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ጉዳይ ከሆነ መዝገቡንም ሊዘጋ ይችላል። ግድያን የመሰለ ወንጀል ግን በዕርቅ አይቆምም። ክሱ እየታየ ሳለ «በድያለሁ፣ ማሩኝ» ብሎ ሽማግሌ ፊት የተናገረ ሰው ያው ሽማግሌ ቀርቦ ሊመሰክርበት ይችላል። ስለዚህ የሚባለው ቃል አስቀድሞ ከጠበቃው ጋር ይመከርበት፤ ኀዘንን መግለጽና ጥፋትን ማመን የተለያዩ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ችሎት ላይ

ክሱ ሲነበብ የመጀመሪያው ጥያቄ እያንዳንዱ ተከሳሽ ምን እንዳደረገ ተለይቶ ተጽፏል ወይ የሚለው ነው። «ሁሉም በመተባበር ደብድበው» ከማለት ያላለፈ ክስ ላይ መቃወሚያ ይቀርባል፤ ዐቃቤ ሕግ የየራሱን ድርሻ ለይቶ እንዲያሻሽል ይጠየቃል። ይህ የሚጠየቀው መልስ ከመሰጠቱ በፊት ነው።

የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቅ መከላከያ ያለው ሰው «አዎ መትቼዋለሁ» ብሎ አይቁም። «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ነገር ግን ጥፋተኛ አይደለሁም፤ በእጁ በነበረው ፌሮ ሊመታኝ ሲል ነው» ይበልና ሙሉው በመዝገብ መስፈሩን ያረጋግጥ። ግማሹ ብቻ ከሰፈረ ማመን ይሆናል።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ካለቁ በኋላ ፍርድ ቤቱ በቂ ማስረጃ ካላየ ተከሳሹን ያሰናብታል፤ ካየ «ይከላከል» ይላል። በዚያ ትእዛዝ ውስጥ ዳኛው የትኛውን ፍሬ ነገር እንደተቀበለ ይነበብ፤ መከላከያው ለዚያ እንጂ ለሰፈር ወሬ መልስ አይሰጥም። በ32 «ይከላከል» ከተባለና ማስረጃው ግን ማቀበልን ብቻ ካሳየ «ጥፋተኛ የሚባል ቢሆን እንኳ በ37 ነው» የሚለው ክርክር በመጨረሻው ንግግር በጽሑፍ ይቅረብ።

ጠበቃ የመቅጠር አቅም ለሌለው ፍትሕ እንዳይጓደል በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ ይመደባል፤ ይህም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው። ተከላካይ ጠበቃው ብዙ መዝገብ ስለሚይዝ ከእርስዎ ጋር የሚያገኘው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ ሰንጠረዡን፣ የምስክሮቹን ስም ከሚያስረዱት ነገር ጋርና የቴሌብር መልእክቱን ኅትመት በአንድ ፋይል አድርገው ይስጡት። በፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ በጥሩ ሁኔታ ይጽፋል፤ 32ን ከ37 ለይቶ መከራከር ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ለአንቀጽ 82 ማቅለያዎች የሚሆን ወረቀት በእጅ ይሁን፦ ቀድሞ አለመቀጣቱን የሚያሳይ፣ ተጎጂው የታከመበትን የከፈለበት ደረሰኝ፣ የሚያስተዳድራቸው ልጆች የትምህርት ቤት ማስረጃ። የፍርዱን ግልባጭ በዚያው ዕለት ያመልክቱ፤ የይግባኝ ጊዜ አጭር ነው። ግልባጩ እንደደረሰ መጀመሪያ የሚፈለገው ዳኛው ስለ ተከሳሹ ሐሳብና ዕውቀት የጻፈበት አንቀጽ ነው፤ ስለ ድርጊቱ ብቻ ጽፎ ስለ ማወቁ ምንም ያላለበት ፍርድ ከሆነ የይግባኙ የመጀመሪያ ነጥብ እሱ ይሆናል።